የአንድ ሕንጻ አራት ጎረቤቶች

የጎረቤቴ ልጅ ዱባይ ስድስት ዓመት ሠርታ ባለፈው ጥቅምት ኮምቦልቻ ገባች። አንድ እሁድ ከሰዓት እነሱ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። አቦሉ ሲቀዳ ስልኳን አውጥታ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ከወጥ ቤት መስኮት ላይ የተነሳ ነው። ከሩቅ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ የቆመ ሕንጻ ይታያል። ቡርጅ ኸሊፋ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን ስድስት ዓመት ሙሉ ዕቃ እያጠብኩ አየሁት» አለችኝ። «ግን እስከ ዛሬ ያልገባኝ ነገር አለ። ሆቴል ነው? ቢሮ ነው? ወይስ ሰው ይኖርበታል?»

ሁሉም ነው አልኳት።

ጥያቄው ለካ ከወሬ ያለፈ ነው። እዚሁ ኮምቦልቻ እየተሠራ ካለ አንድ ሕንጻ ላይ፣ ባጠራቀመችው ብር ክፍል ልትገዛ አስባለች። ደላላው «ታች ሱቅ፣ መሃል ቢሮ፣ ላይ መኖሪያ ነው፤ ልክ እንደ ዱባይ» ብሏታል። ልክ እንደ ዱባይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ነው ማወቅ የፈለገችው።

እኔ የግንባታ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነኝ። የዚያን ቀን በረካው ተጠጥቶ ካለቀ በኋላም ተቀምጠን አወራን። ያልኳትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ደሴም ኮምቦልቻም የስደት ገንዘቡን እንዲህ ያለ ሕንጻ ላይ ሊያውል የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ገንዘቡ እንዴት እንደመጣ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

እንዲህ ያለው ሕንጻ በከተማ ፕላን ቋንቋ «ቅይጥ አገልግሎት» ይባላል። አንዱ ሕንጻ ውስጥ መነገጃ፣ መሥሪያ፣ ማደሪያና መኖሪያ አብረው ሲገቡ ማለት ነው። ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ደሴ ፒያሳ ላይ ከፊት ሱቅ፣ ከላይ ወይም ከኋላ መኝታ የሆነ ቤት ከጥንትም አለ። ልዩነቱ ያኔ ሱቁም መኝታውም የአንድ ቤተሰብ መሆኑ ነው። ደረጃው ቢሰበር አባወራው ያሠራዋል። አሁን ግን በአንድ ጣሪያ ሥር የማይተዋወቁ ብዙ ባለቤቶች ይገባሉ። ችግሩም እዚያ ላይ ይጀምራል።

መጀመሪያ ስለ ትልቁ እንነጋገር። ቡርጅ ኸሊፋ 828 ሜትር ነው። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይልም፤ ስለዚህ በእኛ አገር እንለካው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ያንን ሕንጻ ኮምቦልቻ ላይ ቦርከና ወንዝ ዳር ብናቆመው ጫፉ ደሴ ፒያሳ ከቆመ ሰው ራስ በላይ ይሆናል። ጆሯችን እስኪደፈን የምንወጣው ያ ሁሉ ዳገት ከአንድ ሕንጻ ቁመት ያንሳል።

ግንባታው በ1996 ዓ.ም. ተጀመረ። ታኅሣሥ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ከታች ያሉት ፎቆች ላይ አርማኒ የተባለው ሆቴል አለ። ከሱ በላይ 900 ያህል አፓርታማዎች ተደርድረዋል። ከነሱ በላይ ቢሮዎች ናቸው። 124ኛው ፎቅ ላይ ደግሞ ቲኬት ቆርጦ የሚወጣ ጎብኚ ከተማውንና ባሕሩን የሚያይበት ሰገነት አለ። ሕንጻው ብቻውንም አልቆመም። ከሥሩ ሰው ሠራሽ ሐይቅ፣ ከጎኑ ዱባይ ሞል፣ ዙሪያውን ሌሎች ሆቴሎችና አፓርታማዎች አሉ። ሁሉም ኢማር የተባለው አልሚ እንደ አንድ ሰፈር ያቀደው ነው።

እንግዲህ እዚያ ውስጥ አራት ዓይነት ጎረቤት አለ። የቢሮ ሠራተኛ ጠዋት ሁሉም በአንድ ሰዓት ይመጣል፤ ማታ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይወጣል። የሆቴል እንግዳ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሻንጣ እየጎተተ ይገባል። ነዋሪ ልጁን ያስተኛል፤ ጸጥታ ይፈልጋል። ጎብኚ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይሰለፋል። የእንዲህ ያለ ሕንጻ ትልቁ ጥበብ እነዚህን አራት ሰዎች ሳያጋጭ ማኖር ነው። ከቁመቱ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሆቴሉ የራሱ በር አለው። ነዋሪው የራሱ በር፣ ቢሮውም የራሱ በር አለው። ቤቱ እዚያ የሆነ ሰው ከሆቴል እንግዳ ጋር ሊፍት አይጠብቅም።

ይሄ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል በዓይኔ አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት ደሴ ላይ አንድ ጂ ፕላስ 5 ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ተከራይቼ ነበር። ታች ሱቅና ካፌ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የልብስ ስፌት፣ ሦስተኛ ላይ ክሊኒክ፣ አምስተኛ ላይ ፔንሲዮን አለ። ደረጃው አንድ ነው። ሊፍቱ ገና ሲገባ አንድ ወር ሠርቶ ቆመ። የልብስ ስፌቱ ባለቤት «እኔ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ፣ ሊፍት ምን ያደርግልኛል?» አለ፤ አልከፈለም። ካፌውም እንዲሁ። አንድ ቀን ከክሊኒኩ አንዲት አሮጊት በብርድ ልብስ ይዘዋቸው ሲወርዱ፣ ከታች አራት ሰዎች የፔንሲዮን ፍራሽ ይዘው ይወጡ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ተፋጠጡ። ፍራሹን ወደ ስፌቱ ክፍል አስገብተን እስክናሳልፋቸው አሮጊቷ «ልጆቼ፣ ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ይሉ ነበር። ድምፃቸው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ያንን ሕንጻ የቀየሰው ሰው ሲሚንቶና ብረቱን በደንብ አስልቶ ይሆናል። ጎረቤቶቹን ግን አላሰባቸውም።

ሊፍት ካነሳን አይቀር፣ ረጅም ሕንጻ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለእኛ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ትልቁ አውቶቡስ እያንዳንዱን ሰው በየቤቱ በር አያወርድም። መናኸሪያ ያራግፈዋል። ከዚያ ሰዉ በባጃጅ ወደየሰፈሩ ይሄዳል። ቡርጅ ኸሊፋም ውስጥ እንዲህ ያሉ መናኸሪያዎች አሉ፤ 43ኛ፣ 76ኛና 123ኛ ፎቅ ላይ። ፈጣኑ ሊፍት በመሃል ሳይቆም እዚያ ያደርሳል። ከዚያ ሌላ ሊፍት ይዞ ወደየፎቁ ይበተናል። በሕንጻው 57 ሊፍት አለ። ሁሉም ከታች እስከ ላይ በየፎቁ የሚቆሙ ቢሆኑ፣ የሊፍቱ ጉድጓድ ብቻ ፎቁን በልቶ ይጨርሰው ነበር።

«አሸዋ ላይ እንዴት ቆመ ታዲያ?» አሉኝ የልጅቷ እናት፣ ሲኒ እያጠቡ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ዱባይ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ከላይ አሸዋ፣ ከሥሩ ደግሞ ለስላሳ ዓለት አለ። እኛ ዘንድ እንደሚቆፈረው ጥቁር ድንጋይ ጠንካራ አይደለም። ስለዚህ 192 የኮንክሪት ምሰሶዎችን ወደ መሬት ውስጥ ሰደዱ። እያንዳንዱ ውፍረቱ 1.5 ሜትር ሲሆን ርዝመቱ ከ40 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ምሰሶዎቹ ከታች ጠንካራ ድንጋይ አግኝተው እዚያ ላይ የተቀመጡ ይመስለናል። አይደለም። የያዛቸው ጎናቸው ነው። በሬ የምናስርበትን ችካል አስቡት። ጫፉ ምንም ላይ ባያርፍ እንኳ መሬቱ ዙሪያውን ጨብጦ ስለያዘው አይነቃነቅም። ምሰሶዎቹም እንደዚያ ናቸው። በላያቸው 3.7 ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ወጥ የኮንክሪት ንጣፍ ተጋደመ። ሕንጻው የተነሳው ከሱ ላይ ነው።

ባሕሩ ያመጣው ሌላ ጣጣም አለ። እዚያ ከመሬት ሥር ያለው ውሃ ከባሕር ውሃ የባሰ ጨዋማ ነው። ጨው ደግሞ የብረት ጠላት ነው። ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት ከዛገ ያብጣል፤ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ውሃ የማያሳልፍ ጥቅጥቅ ያለ ኮንክሪት ተጠቀሙ። በዚያ ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ወደ ብረቱ እንዲሄድ አደረጉ። ዝገት ራሱ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው፤ ብረቱ በጥቂት በጥቂቱ ኤሌክትሮን እያጣ ነው የሚበላው። ከውጭ የሚላከው ፍሰት ያንን ኪሳራ ይሸፍንለታል።

እኛ ባሕርም የባሕር ጨውም የለብንም። ግን የራሳችን ባላጋራ አለን። የኮምቦልቻ ሜዳ ብዙው ቦታ ጥቁር አፈር ነው፤ ዋልካ የምንለው። ገበሬ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በላዩ ቤት ካረፈ በየዓመቱ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። ግድግዳ ላይ በሰያፍ የሚሄደው ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የሱ ሥራ ነው። መፍትሔው ወይ አፈሩን ዝቆ አውጥቶ ጥሩ ሙሌት መሙላት ነው፣ ወይ መሠረቱን ከአፈሩ በታች ማውረድ ነው። ሁለቱም ገንዘብ ይፈልጋል። ከመሬት በታች የሚወጣ ገንዘብ ደግሞ ለገዢ ስለማይታይ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው።

ደሴ ሌላ ናት። እዚያ ያለው ተዳፋት ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር መሬቱ ጸንቶ አይቀመጥም። የክረምት ውሃ ሲገባው የሚንሸራተት ቦታ አለ፤ የደሴ ሰው ያውቀዋል። ዳገት ቆርጦ ሕንጻ የሚሠራ ሰው ከሕንጻው በፊት የድጋፍ ግንቡንና የውሃ መውረጃውን ማሰብ አለበት። ግንቡ ከኋላው ውሃ ከተጠራቀመበት ምንም ያህል ቢወፍር አይችልም።

የመሬት መንቀጥቀጥም አለ። ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነን። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ካራቆሬ ዙሪያ መሬት ተንቀጥቅጦ መንገዱ ተሰነጠቀ፤ ማጀቴም ፈረሰች። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሳው መንቀጥቀጥ ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ ሕንጻ አወዛውዟል። ታች ሱቅ ይስፋ ተብሎ ግድግዳው ሁሉ ሲነሳ፣ ላይ ደግሞ በብሎኬት የተሞላ ክፍል ሲደረደር፣ ከላይ ከባድ ከታች ቀጭን ሕንጻ ይሆናል። መሬት ሲነቃነቅ መጀመሪያ የሚሰበረው የታችኛው ፎቅ ኮለን፣ ተሸካሚው ምሰሶ ነው። ቅይጥ ሕንጻ ላይ ይሄ አደጋ ይበዛል፤ ምክንያቱም ሁሉም ታች ሰፊ ሱቅ ይፈልጋል። ንድፍ ላይ ከታሰበበት የሚቻል ነገር ነው። ካልታሰበበት ግን በኋላ ማስተካከል በጣም ከባድ ነው።

ወደ ዱባይ ልመለስ፤ ነፋሱ ቀርቶናል። ረጅም ሕንጻን የሚያስፈራው የነፋሱ ጉልበት ብቻ አይደለም፣ ምቱም ነው። ልጅ ዥዋዥዌ ላይ ስትገፉ አንድ ጊዜ በኃይል መግፋት አያስፈልግም። ሲመለስ ጠብቃችሁ በትንሹ ነካ፣ ነካ ብታደርጉት ሰማይ ይደርሳል። ነፋስም ሕንጻ ሲያልፍ ግራና ቀኝ እየተሽከረከረ በምት ይገፋዋል። ምቱ ከሕንጻው መወዛወዝ ጋር ከገጠመ አደጋ ነው። የሕንጻው አርክቴክት ኤድሪያን ስሚዝና የስትራክቸር መሐንዲሱ ቢል ቤከር ያደረጉት ቅርጹን በየከፍታው መለዋወጥ ነው። ሕንጻው ወደ ላይ ሲወጣ አንዴ በዚህ ክንፍ፣ አንዴ በዚያ ክንፍ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ነፋሱ ከታች የሚመታው ምትና ከላይ የሚመታው ምት አይገጥምም።

ክንፎቹ ደግሞ ሦስት ናቸው። መሃል ላይ አንድ ግንድ አለ፤ ሦስቱ ክንፎች ከሦስት አቅጣጫ ደግፈውታል። ለእናትየው ምድጃውን ነው ያሳየኋቸው። ጉልቻ ሁለት ቢሆን ድስቱ ይገለበጣል። ሦስት ሲሆን ግን በየትም በኩል ብትገፉት አንደኛው ይይዘዋል። «እንዲያ በለኝ እንጂ» አሉኝ።

አሁን የምጽፈው ነገር ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ቡርጅ ኸሊፋ አጠገብ ሆቴልና መኖሪያ የሆነ ከ60 ፎቅ በላይ የሆነ ሌላ ሕንጻ አለ። በ2008 ዓ.ም.፣ የፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ ማታ፣ ሰው ሁሉ ርችት ለማየት በተሰበሰበበት ሰዓት ተቃጠለ። እሳቱ የተነሳው ከአንድ የውጭ መብራት ሽቦ እንደሆነ የፖሊስ ምርመራ ገለጸ። በደቂቃዎች ውስጥ ከታች ወደ ላይ ጎኑን ይዞ ወጣ። ያን ያህል ያፈጠነው የሕንጻው ልብስ ነው። ሁለት ስስ አልሙኒየም፣ በመሃላቸው ፕላስቲክ። አልሙኒየሙ ያብረቀርቃል፤ ፕላስቲኩ ግን ይነድዳል።

ያ ልብስ ክላዲንግ ይባላል። አሁን ደሴም ኮምቦልቻም ዋናው መንገድ ላይ ውጡና እዩ፤ ሰማያዊው፣ ብርማው፣ ወርቃማው ሁሉ ክላዲንግ ነው። በመሃሉ ያለው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቶሎ የሚቀጣጠል ፕላስቲክ ነው። ሌላው እሳት እንዲቋቋም ማዕድን የተቀላቀለበት ነው። በዓይን አይለዩም። የሚለዩት በወረቀታቸውና በዋጋቸው ነው። ታች ካፌ ወይም ምግብ ቤት፣ የጋዝ ሲሊንደር ከኋላ በር፣ ላይ ልጆች የተኙበት መኖሪያ ሲሆን ይሄ ጥያቄ የቅንጦት አይደለም። እባካችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ ደረጃ መውረጃ እንዳለውም ጠይቁ፤ አንዱ በጭስ ከተሞላ በየት ይወጣል?

ውሃውን በአጭሩ። ውሃ በየ10 ሜትሩ ቁመት አንድ የከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨምራል። 800 ሜትር አንድ ቧንቧ ቢሞላ ከታች ያለው ቧንቧ ይፈነዳል። ስለዚህ በየመሃሉ ታንከር እያስቀመጡ ደረጃ በደረጃ ይስቡታል። እኛ ጣሪያ ላይ ሮቶ ሰቅለን የምንሠራውን እነሱ በየከፍታው ይሠሩታል። የባሕር ዳር አየር እርጥብ ስለሆነ ደግሞ ማቀዝቀዣዎቹ ብዙ ውሃ ያንጠባጥባሉ። እሱን ይሰበስቡና ከሥሩ ያለውን አትክልት ያጠጡበታል። በዓመት ከ50 ሚሊዮን ሊትር በላይ ይሆናል።

ገንዘቡስ? ሕንጻው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል። አልሚው ለምን ይቀይጣል? አፓርታማው ሳይሠራ ይሸጣል፤ ገንዘቡ ቶሎ ይገባል። ሆቴሉ በየቀኑ ያስገባል። ቢሮው በየወሩ ያከራያል። ሱቁ ሰው ይጠራል። አንዱ ሲቀዘቅዝ ሌላው ይይዛል። ከሁሉም በላይ ዙሪያው ያለው መሬት ዋጋ ይጨምራል። ግን ዕዳም አብሮ ይመጣል። ልክ ሕንጻው ሊመረቅ ሲል የዱባይ የቤት ዋጋ ግማሽ ያህል ወደቀ። ከምርቃቱ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ጎረቤቷ አቡ ዳቢ ለዱባይ የ10 ቢሊዮን ዶላር ድጋፍ ሰጠች። ስሙ እስከዚያ ቀን ቡርጅ ዱባይ ነበር። በምርቃቱ ቀን በአቡ ዳቢው ገዢ በሼኽ ኸሊፋ ስም ተጠራ። ገና ያልተሠራ ቤት የሚገዛ ሰው ያን ጊዜ ምን እንዳሳለፈ የጎረቤቴ ልጅ አሠሪዎች ያውቁታል፤ «ማዳሜ ሁሌ ያንን ታነሳ ነበር» አለችኝ።

ከተገዛ በኋላ ያለው ወጪ ደግሞ አለ። እዚያ ነዋሪው ለጥበቃ፣ ለሊፍት፣ ለጽዳት፣ ለመስታወት አጠባ በቤቱ ስፋት ተሰልቶ በየዓመቱ ይከፍላል። የመስታወቱ አጠባ ብቻ አንድ ዙር ለመጨረስ ወራት ይወስዳል። እኛም ሕግ አለን። የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ክፍል የገዛ ሰው ደረጃውን፣ ጣሪያውንና ግቢውን በጋራ እንደሚይዝ፣ የጋራ ወጪውንም እንደሚካፈል ይናገራል። ግን ውሉ ላይ በዝርዝር ካልሰፈረ፣ ያ የልብስ ስፌቱ ባለቤት ያለውን ሁሉም ይለዋል። ሱቁ ስንት ይከፍላል? አምስተኛ ፎቅ ስንት ይከፍላል? መብራት ሲጠፋ የጀነሬተሩ ናፍጣ በማን ነው? ይሄ ከመፈረም በፊት የሚጠየቅ ነው።

ደሴ ስል አንድ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ዳገቱ ለቅይጥ ሕንጻ ስጦታ ነው። ላይኛው መንገድ አንድ በር፣ ታችኛው መንገድ ሌላ በር ይሰጣል። ሱቁን ከታችኛው መንገድ፣ መኖሪያውን ከላይኛው መንገድ ማስገባት ይቻላል። ዱባዮች ሜዳ ላይ ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ያመጡትን የበር ልዩነት ደሴ መሬቷ ራሱ ሰጥቷታል። እንዲህ ተደርጎ የተሠራ ሕንጻ ሳይ ቆም ብዬ ነው የማየው።

ቅዳሜ ጠዋት ከልጅቷ ጋር ሳይቱ ድረስ ሄድን። መሠረቱ ገና ተቆፍሮ ክፍት ነው። ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ጥቁሩ አፈር አንድ ሜትር ከግማሽ ያህል ወርዶ፣ ከዚያ በታች ቡናማና ድንጋያማ ይሆናል። አንድ ልጅ ትናንት የተሞላውን ኮንክሪት በጆንያ ሸፍኖ ውሃ ያጠጣል። ይሄን ሳይ ደስ አለኝ፤ የኮምቦልቻ ፀሐይ ኮንክሪትን ቶሎ ያደርቀዋል። ዱባይ ላይ በበጋ ሌሊት ሌሊት፣ በረዶ እየቀላቀሉ ነበር የሚሞሉት።

ልጅቷ ደብተሯን ይዛለች። ፎርማኑን የአፈር ምርመራውን ወረቀት እንዲያሳያት ጠየቀችው። ትንሽ አመነታና ከቆርቆሮው ቢሮ ፋይሉን ይዞ መጣ። ቁፋሮው ሦስት ቦታ ተካሂዷል። እኔ አነበብኩላት፣ እሷ ጻፈች። ቀጥላ ክላዲንጉ ውስጡ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ገና አልተገዛም አላት።

«ሊፍቱ ሲቆምስ የሚያሠራው ማነው?»

«እሱን ባለቤቱን ነው መጠየቅ ያለብሽ» አላት።

የባለቤቱን ስልክ ቁጥር ተቀብላ መዘገበች። እዚያው ጉድጓዱ ዳር ቆማ ደወለች።